ያቋረጡት ሁሉ ሰነፎች አይደሉም፦ እየሠሩ ስለሚማሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተጻፈ ምላሽ

«ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ፍላጎት የለውም» የሚል ርዕስ ያለውን ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ጸሐፊው ቀን እየሠሩ፣ ቤተሰብ እያስተዳደሩ፣ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በማታው መርሐ ግብር ያጠናቀቁ ሰው ናቸው። ጽሑፋቸው አጭር፣ ቁጣ ያለበት፣ ለማንበብም የማይሰለች ነው። ይሁን እንጂ ካነበቡት መካከል ቀላል የማይባሉት «ልቀጥል ወይስ ልተው» በሚል ሐሳብ የተያዙ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ምክር ለእነሱ የሚያተርፈው ጸጸት እንጂ ብርታት አይመስለኝም። የማታ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የማማክር ሰው እንደመሆኔም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ክርክሩን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ትምህርት የሚቋረጠው በጽናት ማነስ ነው፤ ሥራ፣ ልጆች፣ ገንዘብ የሚባለው ሁሉ ሰበብ ነው። ጊዜ ከእንቅልፍ ላይ ተቀንሶ ይገኛል። በየሴሚስተሩ የሚቻለውን ያህል ብዙ ኮርስ ወስዶ ቶሎ መገላገል ያዋጣል፤ የዘገየ ይቀራል፣ ፈቃድ ወስዶ ያረፈም አይመለስም። አዋቂ ሰው ብቻውን ይማራል፤ የጥናት ቡድን ማቋቋምም ሆነ ለአለቃ መናገር ጊዜ ማባከን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ነው። በመጨረሻም፣ ተቋማት ለአዋቂ ተማሪ የተለየ ድጋፍ ማድረጋቸው ማሞላቀቅ ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ሌሎቹ አምስቱ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ጽናት ዋጋ የለውም የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አንጀላ ደክወርዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ አሜሪካው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ከሚገቡ እጩ መኮንኖች መካከል ከባዱን የመግቢያ ሥልጠና ማን እንደሚያጠናቅቅ ለመተንበይ የጽናት መለኪያው ከአካዳሚው ከራሱ የመቀበያ ነጥብ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ ጸሐፊው የሚከራከሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች እንዴት እንደሚኖሩ ልብ እንበል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይተኛሉ፣ በአንድ ሰዓት ይነሣሉ። ምግባቸውን ሌላ ሰው ያበስልላቸዋል። የታመመ ልጅ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚሮጥ፣ የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት አምሽቶ የሚሠራ በመካከላቸው የለም። ኑሮው ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የሚቀረው ልዩነት የጠባይ መሆኑ ምን ያስደንቃል? እየሠራ የሚማር አዋቂ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት አይዛነፍም፣ ሌላው በስልክ ጥሪ መስክ ይላካል፤ አንዷን እናቷ ልጅ ይይዙላታል፣ ሌላዋ እናቷን ታስታምማለች። ኑሮ ይህን ያህል በሚለያይበት ቦታ ውጤቱን ሁሉ ለጠባይ መስጠት ስሌቱን ማበላሸት ነው።

ጥናቶቹም ቢሆኑ በዌስት ፖይንት አላበቁም። ማርከስ ክሬዴና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በድምሩ ከ66,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ገምግመው ነበር። የጽናት መለኪያው ከውጤት ጋር ያለው ትስስር መጠነኛ ነው፤ መለኪያው ራሱም ቀደም ሲል «የኃላፊነት ስሜትና ሥርዓታማነት» እየተባለ ከሚለካው ጠባይ ብዙም አይለይም። ለጸሐፊው ግን ሐቁን ልስጥ፤ በዚያው ግምገማ ጥረትን አለማቋረጥ የሚለው የመለኪያው ክፍል ለብቻው ሲታይ የተሻለ ጉልበት አሳይቷል። እንግዲህ ጽናት አንድ ግብዓት ነው። ጸሐፊው ብቸኛው ግብዓት አደረጉት።

ደግሞስ ያቋረጠ ሁሉ ጽናት የለውም ከተባለ፣ ያው ሰው ለዓመታት አንድ መሥሪያ ቤት ማገልገሉ፣ ልጆች ማሳደጉ፣ ዕዳውን በየወሩ ሳያዛንፍ መክፈሉ ምን ሊባል ነው? ጽናቱ ቀን ቀን እየኖረ ማታ ማታ ይጠፋል? የሥራ ፈረቃዋ ሲቀየር ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ፈረቃው ሲመለስላት ተመልሳ በጥሩ ውጤት የጨረሰች ተማሪስ? በመካከሉ የተለወጠው የሰዓት ሠሌዳዋ ነው፤ ጠባይዋ ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ያላጋጠመው አማካሪ ያለ አይመስለኝም።

የጸሐፊው ማስረጃም ከመነሻው ያዘነበለ ነው። አብረዋቸው የተመረቁ ጓደኞቻቸውን «ምን ረዳችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ «ቁርጠኝነት» የሚል መልስ አገኙ። ያልተመረቁትን አልጠየቁም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከእነሱም መካከል ብዙ ቆራጦች እንደነበሩ በሰሙ። ባርባራ ሎቪትስ የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሥራቸው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁትንና ያቋረጡትን ጎን ለጎን አጥንተዋል፤ ሁለቱ ወገኖች ይዘውት የገቡት የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት እምብዛም ልዩነት አልነበረውም። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ያቋረጡት ብዙውን ጊዜ ድምፃቸውን ሳያሰሙ መሄዳቸውና ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ማድረጋቸው ነው። ተማሪው «ሰነፍ ነኝ» ብሎ በጓሮ በር ሲወጣ ተቋሙ ምን እንዳጎደለ ሳያውቅ ይቀራል፤ በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ ያደርጋል። «ሁሉም ሰበብ ነው» የሚለው ጽሑፍ የሚያጠናክረው ይህንን ዝምታ ነው።

እየሠሩ የሚማሩ አዋቂዎችን በተመለከተ ጆን ቢንና ባርባራ ሜትዝነር እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ሐሳብ አሁንም ጠቃሚ ነው። መነሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ቢሆኑም፣ ትኩረቱ ዕድሜያቸው በገፋ፣ በትርፍ ሰዓት በሚማሩ፣ ከቤታቸው እየተመላለሱ በሚማሩ ላይ ነው። እነሱ እንደሚሉት፣ ለእንዲህ ዓይነት ተማሪ ከግቢው ውጭ ያለው ሁኔታ፣ ማለትም ገንዘብ፣ የሥራ ሰዓት፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የቅርብ ሰዎች ማበረታቻ፣ በግቢው ውስጥ ካለው የትምህርት ሁኔታ የበለጠ ይወስናል። የውጭው ድጋፍ ጠንካራ ከሆነ የግቢውን ድክመት ሊሸፍን ይችላል፤ የግቢው ጥንካሬ ግን የውጭውን ክፍተት አይሸፍንም። ጸሐፊው «ሰበብ» ብለው የጠሩት ዝርዝር እዚህ ላይ ዋናው ምክንያት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ወደ እንቅልፍ ልለፍ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ማጥናት ጥሩ የሚሆነው በጊዜ ለተኛ ሰው ነው። በንጋቱ አካባቢ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ስልክ አይጮህም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። እሳቸው ግን የሚመክሩት የመኝታውን ሰዓት ሳይነኩ መነሻውን ማስቀደም ነው። ሃንስ ቫን ዶንገንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች የንቃትና የማሰብ አቅማቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዶ ታይቷል። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው፣ ሰዎቹ የአቅማቸው መውረድ በአብዛኛው አልተሰማቸውም። ደኅና ነኝ እያሉ ነው የደከሙት። በድኅረ ምረቃ ደረጃ ደግሞ ሥራው መሸምደድ አይደለም፤ የተጻፈን መመርመር፣ ማገናኘት፣ መጻፍ ነው። በደከመ አእምሮ ሦስት ጊዜ የተነበበ ገጽ ባረፈ አእምሮ አንድ ጊዜ ከተነበበው ያንሳል።

ጊዜ ታዲያ ከየት ይምጣ? ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የሰዓት ብዛት አይደለም፤ ቦታና ቀን የተቆረጠለት ሰዓት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ «አጠናለሁ» በሚል ውሳኔና «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» በሚል ውሳኔ መካከል ያለውን ልዩነት ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ግምገማ 94 ሙከራዎች ሲደመሩ ሁለተኛው ዓይነት ውሳኔ የታሰበውን ከግብ በማድረስ በግልጽ ይበልጣል። «ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት ሳልሄድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ጽሑፍ አነብባለሁ» ያለ ሰው ሐሙስ ማታ ከራሱ ጋር ክርክር አይገጥምም። «በዚህ ሳምንት ጠንክሬ አነብባለሁ» ያለው ግን በየማታው እንደ አዲስ መወሰን አለበት፤ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ደግሞ የሚወስነው የታወቀ ነው።

ብዙ ኮርስ ወስዶ ቶሎ ስለመገላገል የተባለው ግማሽ እውነት አለው። ለረጅም ጊዜ የተጎተተ ትምህርት በመንገዱ ላይ ብዙ ነገር ያጋጥመዋል፤ ሥራ ይቀየራል፣ አማካሪ ይለቃል፣ የመርሐ ግብሩ ሥርዓተ ትምህርት ይሻሻላል። ስለዚህ መፍጠን በቻለበት ሴሚስተር የሚፈጥን ሰው አይሳሳትም። ስሕተቱ ፍጥነትን ከመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመር ነው። ለዓመታት ከክፍል ርቆ የቆየ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው እንደገና ተማሪ መሆንን መልመድ ነው፦ ጥናታዊ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ምናልባትም የረሳውን ስታቲስቲክስ። በብዙ ተቋማት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማለፊያ አማካይ ውጤት ከመጀመሪያ ዲግሪው ከፍ ያለ ነው። ሦስት ኮርስ ወስዶ በሁለቱ የወደቀ ሰው አልፈጠነም፤ ማስጠንቀቂያ ይዞ ወደ ኋላ ተመልሷል። ይልቅ ገና ሲመዘገቡ የትኛው ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰጥ፣ የትኛውስ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ ጠይቆ መያዝ ይሻላል። አንዲት ቅድመ ሁኔታ የሆነች ኮርስ ስላመለጠች ብቻ ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ተማሪ በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ ያንን ደግሞ ጽናት አያስተካክለውም።

ፈቃድ ወስዶ ያረፈ አይመለስም ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለዋል። አንደኛው በጽሑፍ ጠይቆ፣ የመመለሻ ሴሚስተሩ ተቆርጦ፣ አማካሪው አውቆት የሚወሰድ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ሳይመዘገቡ መቅረት ነው። የማይመለሱት በአብዛኛው ሁለተኞቹ ናቸው፤ ከማይመለሱበትም ምክንያት አንዱ ፈቃድ መጠየቅን ሽንፈት አድርገው ማየታቸው ነው። ልጅ የተወለደላት፣ ወላጅ የታመመበት፣ መሥሪያ ቤቱ በሌላ ቦታ የመደበው ሰው አንድ ሴሚስተር በሥርዓት ቢያርፍ መቅረቱ አይደለም።

ለአለቃ ስለመናገር ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ሁሉም አለቃ ቅን አይደለም፤ «ተምሮ ሊሄድ ነው» ብሎ ዕድገት የሚከለክል አለ። እንዲህ ያለ አለቃ ያለው ሰው ዝም ማለቱ ብልህነት ነው። ሆኖም በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያለው ጥያቄ መናገር ወይም አለመናገር ሳይሆን ምን ብሎ መናገር ነው። «እየተማርኩ ስለሆነ ተባበሩኝ» የሚለው ልመና ማንንም አያስገድድም፣ ማንም አያስታውሰውም። «የፈተና ሳምንቴ ይህ ነው፤ በዚያ ሳምንት የማታ ተረኛነቴን ከባልደረባዬ ጋር ብቀያየር» የሚለው ግን አዎ ወይም አይ የሚባል ነገር ነው። በቤትም እንዲሁ። የትዳር ጓደኛ «አይዞህ» እንዲል መጠበቅና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እንዲይዝ መስማማት ለየቅል ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ መሆኑን እየነገረ ያሳደገን ሕዝብ አዋቂ ብቻውን ይሸከመው ሲል ያስገርማል።

የጥናት ቡድን ጊዜ ያባክናል? ያለ አጀንዳ የተሰበሰበ ቡድን አዎን፣ ያባክናል። ለማታ ተማሪ ግን ቡድን ከማጥናት ያለፈ ጥቅም አለው። ከሥራ ዘግይቶ ያመለጠውን ክፍል ማስታወሻ የሚሰጠው፣ የምዝገባ ቀን መቀየሩን የሚነግረው፣ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ «ደኅና ነህ?» ብሎ የሚደውልለት እዚያ ነው። የቀን ተማሪ ይህንን በኮሪደሩ በማለፍ ብቻ ያገኘዋል፤ የማታው ተማሪ ካላመቻቸው አያገኘውም።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ልምጣ፤ የጸሐፊው ምክር በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኮርስ የሚማር ሰው ቀኑን ሌላ ሰው ይቆርጥለታል። ክፍሉ ማክሰኞ ነው፣ ፈተናው በወሩ መጨረሻ ነው፣ የሚገባ ጽሑፍ አለ። ኮርሶቹ ሲያልቁ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ማክሰኞ ማታ የሚጠብቀው የለም፣ ባይጽፍ የሚጠይቀው የለም። በሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጊዜውን የሚሰጠው ለሚጠይቀው ነው፤ አለቃ ይጠይቃል፣ ልጅ ይጠይቃል፣ ያልተጀመረ ምዕራፍ ግን ድምፅ የለውም። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ በጽሑፉ ላይ የቆመ ተማሪ ጽናት አንሶት ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ባልደረሰም ነበር። በአሜሪካና በካናዳ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያካሄደው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ዶክትሬት ከጀመሩት መካከል በ10 ዓመት ውስጥ ያጠናቀቁት 57 በመቶ ያህሉ ናቸው። በብርቱ ውድድር ተመርጠው የገቡ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ ነገሩ ከጠባይ ያለፈ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ጸሐፊው «ጀማሪ ተማሪ ርዕስ መምረጥ አይችልም» ማለታቸው ትክክል ነው። ያለ ንባብ የተቆረጠ ርዕስ በኋላ ይፈርሳል። ነገር ግን ርዕስ አለመቁረጥ ማለት አለማሰብ አይደለም። በየኮርሱ የሚጻፈው የማጠቃለያ ጽሑፍ በአንድ አቅጣጫ ዙሪያ እንዲሆን ቢደረግ፣ ኮርሶቹ ሲያልቁ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳው ግማሹ ተጽፎ ይገኛል። እየሠራ የሚማር ሰው ሌላም ዕድል አለው፤ በሥራው ዙሪያ መረጃ ማግኘት ይችላል። ይህ ሲታሰብ ግን የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። «ችግር የለውም» ያለው ኃላፊ በተቀየረ ማግስት መረጃ የተከለከለ፣ ከዚያም ከርዕስ መረጣ እንደገና የጀመረ ሰው ሥቃዩን ያውቀዋል። ተማሪው ራሱ አለቃ ሆኖ ለጥናቱ የሚጠይቀው የገዛ ሠራተኞቹን ከሆነ ደግሞ መልሱ እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ይህም ቀድሞ መታሰብ አለበት።

አማካሪ ሲመረጥ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚያዩት ስሙን ነው። እኔ ብሆን ሦስት ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይገኛሉ? የላክሁትን ምዕራፍ በስንት ቀን ይመልሳሉ? ለቀጣዩ ስብሰባ አሁን ቀን እንቁረጥ? ከሦስቱ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ኮርስ ሲያልቅ የጠፋውን ቀን የሚመልሰው እሱ ነው። «ሲደርስልህ አምጣ» የሚል አማካሪ ደግ ይመስላል፤ ለማታ ተማሪ ግን ከቁጡው አማካሪ የባሰ ነው። ይህን ስል የሙያ ባልደረቦቼን እየነካሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ማሞላቀቅ» ስለተባለው ድጋፍ። ፓትሪሻ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1981 የአዋቂ ተማሪዎችን እንቅፋቶች በሦስት ከፍለዋቸው ነበር፤ ከኑሮ ሁኔታ የሚመጡ፣ ከተቋሙ አሠራር የሚመጡ፣ ከተማሪው አመለካከት የሚመጡ። ጸሐፊው የሚያዩት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም የማታ ተማሪ ይቆጥርላቸዋል፦ ተማሪው ከሥራ ሳይወጣ የሚዘጋ ሬጅስትራር፣ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚደረግ ምዝገባ፣ ማታ የማይገኝ አማካሪ። መሥሪያ ቤቱ ክፍያ የሚመልስለት ተማሪ እንኳ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ስለሆነ የሚመለስለት፣ በምዝገባ ቀን ገንዘቡን ከኪሱ ማግኘት አለበት፤ ክፍያውን በየወሩ መከፋፈል ያ ተማሪ በዚያ ሴሚስተር መመዝገቡንና አለመመዝገቡን ይወስናል። ቢሮን በሳምንት አንድ ምሽት ክፍት ማድረግ ለማታ ተማሪ የተለየ እንክብካቤ አይደለም። የቀን ተማሪ ሳይጠይቅ የሚያገኘውን፣ ያንኑ ክፍያ ለከፈለ ሰው መስጠት ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ከመነሻው እየሠሩ ለሚማሩ የታሰበ ነበር፤ ትምህርቱን በርቀት ሲሰጥ ለተማሪው የሚመደብለትን አስተማሪ የአሠራሩ አካል ያደረገውም ለዚሁ ነው። ያንን ማንም ማሞላቀቅ አላለውም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲዘጉ ያቋረጡትን «ፍላጎት አልነበረንም ብላችሁ እመኑ» ይላሉ። እንዲያምን ለተጠየቀ ሰው የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ከማመኑ በፊት ሬጅስትራር ሄዶ ወይም በኢሜይል ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የወሰድኳቸው ኮርሶች እስከ መቼ ይያዙልኛል? የመርሐ ግብሩ የማጠናቀቂያ ጊዜ ጣሪያ ስንት ዓመት ነው፣ ያረፍኩበትስ ይቆጠራል? ድጋሚ ቅበላ የሚጠየቀው በየትኛው ወር ነው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ከዚያ በኋላ ማቋረጥ ከፈለገ ያቋርጥ፤ መብቱ ነው።